በነፃ የመጣ ጭምብል ለምን ይመረመራል?

በእርዳታ የተላከ የሕክምና ዕቃ ቦሌ ካርጎ መጋዘን ውስጥ ቀናት ቆየ ሲባል የሚሰማው ቁጣ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ በነፃ የላከውን ጭምብል ምን ብሎ መመርመር ያስፈልጋል? አንሥቶ ለሆስፒታሉ ማስረከብ አይሻልም ወይ?» ይባላል። ቁጣው ከደግነት የሚመነጭ ነውና ላቃልለው አልፈልግም። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ስህተት ነው። ቁጥጥር ለሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ለሚለገስ ዕቃ የለጋሹ ቅን ልቦና ይበቃል የሚል እምነት ነውና። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው፦ በነፃ የሚሰጥ የመከላከያ ዕቃ ከሚሸጠው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልናማርር የሚገባንም ምርመራ በመኖሩ ሳይሆን፣ ምርመራው ዕቃው ከተገዛ፣ ከተጫነና ከደረሰ በኋላ በመጀመሩ ነው።

ጓንት የሚገዛ ሆስፒታል ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ ናሙና ይጠይቃል፣ ዕቃው ከውሉ ውጭ ሆኖ ሲያገኘው ይመልሳል ወይም ክፍያውን ይይዛል። ጓንቱን በእርዳታ የሚቀበለው የወረዳ ጤና ጣቢያ ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ዕቃውን አልመረጠውም፤ ውል የለውም፤ የሚይዘው ክፍያም የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ይሉኝታ አለ። ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ምስጋናው ከተነገረ በኋላ «ያመጣችሁልን ጋውን ውኃ ያሳልፋል» የሚል ኃላፊ ማግኘት ከባድ ነው። ጋውኑን ለብሳ ወደ ሕመምተኛው የምትገባው ነርስ ደግሞ በርክክቡ ላይ አልነበረችም፤ ዕቃው ሲመረጥም የጠየቃት ሰው የለም። በገበያ ውስጥ ገዢው ለገንዘቡ ሲል ጥራትን ይጠብቃል። ለጋሽና ተቀባይ ተመሰጋግነው በሚለያዩበት ልገሳ ውስጥ ግን ያንን ሥራ የሚሠራ ከሕግ በቀር ማንም የለም።

እጥረት በነገሠበት ጊዜ

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ፈተና የኮሮና ወረርሽኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካቲት 24 ቀን 2012 ባወጣው መግለጫ፣ ወረርሽኙን ለመቋቋም በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ጭምብል፣ 76 ሚሊዮን የምርመራ ጓንትና 1.6 ሚሊዮን የዓይን መከላከያ መነጽር እንደሚያስፈልግ፣ አምራቾችም ምርታቸውን በ40 በመቶ ማሳደግ እንዳለባቸው አስታወቀ። የቀዶ ሕክምና ጭምብል ዋጋ በዚያን ጊዜ ስድስት እጥፍ፣ የኤን 95 ጭምብል ሦስት እጥፍ፣ የጋውን ዋጋ ሁለት እጥፍ ሆኖ ነበር። መግለጫው በወጣ በዐሥረኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ ድርጅት ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር የመደበው 20 ሺሕ የመመርመሪያ ኪት፣ 100 ሺሕ ጭምብልና 1 ሺሕ የመከላከያ አልባሳትና የፊት መከለያ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደየአገሩ ተሠራጨ። ባለሀብቱም፣ ዕድሩም፣ በውጭ የሚኖረው ወገንም እጁን ዘረጋ። ያ ጊዜ ስለ ሕዝባችን ደግነት የማይረሳ ምስክርነት ጥሎ አልፏል።

ዋጋው እንዲያ ሲንር ግን ጭምብል ሠርቶ የማያውቅ ፋብሪካ ሁሉ ጭምብል አምራች ይሆናል፤ የሐሰት የጥራት ምስክር ወረቀት ማተምም ገበያ ያገኛል። በዚያው መጋቢት ወር ኔዘርላንድስ ከቻይና ካስገባችው 1.3 ሚሊዮን ጭምብል 600 ሺሕ ያህሉን ለሆስፒታሎች ካከፋፈለች በኋላ፣ ጭምብሉ ፊት ላይ በአግባቡ እንደማይገጥምና ማጣሪያውም ብቁ እንዳልሆነ ተረድታ መልሳ ሰበሰበችው። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ የሕክምና ጭምብል፣ የመከላከያ አልባሳትና የመመርመሪያ ኪት ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ ዕቃው በአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተመዘገበ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አዘዘች። የራሷ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ የግዥ ባለሙያ ያላት አገር በገንዘቧ ገዝታ እንዲህ ከተሳሳተች፣ ከሥራ መልስ በስልክ እየተሰበሰበ ከድረ ገጽ ላይ የሚገዛ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ምን ያህል ሊታለል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ችግሩ ደግሞ በዓይን አይለይም። ኤን 95 የተባለው ጭምብል ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆኑትን 0.3 ማይክሮን መጠን ያላቸውን ብናኞች ማስቀረት አለበት፤ የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ 2 ደግሞ 94 በመቶውን። ተራው የቀዶ ሕክምና ጭምብል ከፍንጣቂ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ በአየር የሚንሳፈፈውን ብናኝ እንዲያጣራ አልተሠራም፤ ጠርዙም ፊት ላይ አይጣበቅም። ከካርቶን ሲወጡ ሁሉም ነጭ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ናቸው። ደኅናውን ከሐሰተኛው የሚለየው የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የአምራቹ ምዝገባና የቤተ ሙከራ ውጤቱ ነው። ወረቀቱ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

መመሪያ የሚወለደው ከጥፋት በኋላ ነው፤ የዚህኛው ጥፋት ደግሞ ደጃችን ድረስ የመጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ለማስጠንቀቂያ ከሚጠቅሳቸው ታሪኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በጦርነት ላይ በነበረችው ኤርትራ የሆነው ነው። ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን መጣ፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ማንም ያልጠየቀው የልብና የደም ሥር መድኃኒት በኮንቴይነር ሙሉ መጣ፤ የአገልግሎት ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ወር ነበር የቀረው። ጊዜው ያለፈበት 30 ሺሕ ጠርሙስ በደም ሥር የሚሰጥ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ደግሞ ከሽታው የተነሣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ሊወገድ አልቻለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1988 አርመኒያን ከመታው ርዕደ መሬት በኋላ 5 ሺሕ ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ሲጎርፍ፣ ለይቶ ለመጨረስ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠርተዋል። ላኪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። በጦርነትና በአደጋ ውስጥ ያለ ሕዝብ ግን ነዳጁን፣ መኪናውንና የሠለጠነ የሰው ኃይሉን የሌላውን ቆሻሻ በማስወገድ አሳለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ኋላ የተሻሻለው መመሪያ ከዚህ የተማረውን ይዟል። ልገሳው ከሁሉ በላይ ለተቀባዩ የሚጠቅም ይሁን፤ የተቀባዩ ፍላጎትና ሥልጣን ይከበር፤ ለጋሹ በአገሩ የማይቀበለውን ጥራት ለሌላ አገር አይስጥ፤ ሁለቱ ወገኖች ዕቃው ከመላኩ በፊት ይነጋገሩ ይላል። መድኃኒቱ አገር ውስጥ ሲገባ በመርሕ ደረጃ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ዘመን ሊቀረው ይገባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕክምና መሣሪያ ልገሳ ለብቻው ባዘጋጀው ሰነድም ይኸው መንፈስ ይነበባል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነጥብ ነው። በቶሮንቶ ወይም በዋሽንግተን ሆስፒታል ውስጥ የማይለበስ ጋውን ለደሴ ወይም ለጎንደር ሐኪም ይበቃል ብሎ ማሰብ፣ ሳናውቀው የሰውን ሕይወት በሁለት ሚዛን መመዘን ነው።

ሁለት ተከታታይ አዋጆች

በ2011 ዓ.ም. ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ሁለት አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ነው። በበጎ አድራጎት ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች የኋለኛውን በደንብ ያውቁታል። ለመመዝገብ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ ሪፖርት ለማቅረብ እርሱን ይዘው ይሄዳሉ። ዕቃቸው መጋዘን የሚያድረው ግን ባላነበቡት በፊተኛው ምክንያት ነው።

1113 የቀደመውን የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621ን ሽሮ ነው የመጣው። የቀደመው ሕግ በሰብአዊ መብትና በመሳሰሉት መስኮች የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር፤ በአስተዳደር ወጪ ላይም የ70/30 ደንብ ጥሎ፣ ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጡ በርካታ ወጪዎችን ከ30ው ውስጥ ይቆጥር ነበር። የአሁኑ ሕግ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ሀብት የመጠየቅ፣ የመቀበልና የመጠቀም መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ 20 በመቶ አድርጎ፣ አስተዳደራዊ የሚባለውንም የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የስልክና የመብራት፣ የኦዲትና የመሳሰሉት ብሎ ዘርዝሯል። በዚህ አተረጓጎም ለዓላማው ሥራ የሚወጣው ወጪ፣ ጭምብሉን ማጓጓዝና ማስመርመር ጭምር፣ ከ20ው የሚቀነስ አይሆንም። «እኛ ለአስተዳደር አንድ ሳንቲም አናወጣም፤ የሰጣችሁን ሁሉ ጭምብል ይገዛበታል» የሚለው ማስታወቂያ ስለዚህ ሊያስደስተን አይገባም። ለምርመራ፣ ለኢንሹራንስና ለመጋዘን ያልመደበ ድርጅት ወይ ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው፣ ወይ ሥራውን ዘሎታል። ሕግ የፈቀደውን ወጪ ለጋሹ እንደ ጉድለት ሲያየው፣ የሚጎዳው በመጨረሻ ዕቃውን የሚለብሰው ሰው ነው።

1112 ደግሞ የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረውን አካል፣ ማለትም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ሥልጣን ይደነግጋል። የቀዶ ሕክምና ጭምብል፣ የምርመራ ጓንትና የሐኪም ጋውን በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ዕቃው ደኅንነቱና ጥራቱ የተረጋገጠ፣ የሚያስገባውም ፈቃድ ያለው መሆን ይገባዋል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ አስገዳጅ ሁኔታ ሲያጋጥም በልዩ ፈቃድ የሚገባበት አሠራርም አለ። ተሸጠ ተለገሰ የሚል ልዩነት እዚህ ላይ ቦታ የለውም፤ የሚቆጣጠረው ዕቃውን እንጂ ዋጋውን አይደለምና። ብዙዎችን የሚያሳስተው የቀረጡ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2012 መንግሥት ለወረርሽኙ መከላከያ የሚሆኑ ዕቃዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ወስኖ ነበር፤ በሌላ ጊዜም የእርዳታ ዕቃ በድጋፍ ደብዳቤ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ይህ ውሳኔ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ የሚመለከተውም የመንግሥትን ገቢ ነው። ከቀረጥ ነፃ የሆነ ዕቃ ከጥራት ምርመራ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ደግሞም ነፃ መብቱ ግዴታ ያስከትላል፦ በዚህ መልክ የገባ ዕቃ መብቱ ወደሌለው ሦስተኛ ወገን ቢተላለፍ ወይም ቢሸጥ ቀረጡ ይጠየቅበታል።

በሕጉ ላይ የማየው ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። 1113 የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርን፣ ዕቁብንና የመሳሰሉትን አይመለከትም። በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ዕድር አባላቱን የሚያውቅ፣ በራሱ ዳኛና ጸሐፊ የሚተዳደር ጥንታዊ ተቋም ነውና የመንግሥት ምዝገባ አያስፈልገውም። በ2012 ግን ከአባላት መዋጮ ያለፈ ነገር መጣ። ያልተመዘገቡ የተወላጆች ኮሚቴዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ከማያውቋቸው ሰዎች ገንዘብ ሰበሰቡ፤ አንዳንዱ በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ። አብዛኞቹ በሐቅ እንደሠሩ አልጠራጠርም። ሐቀኛው ራሱን ከሌባው የሚለይበት ማስረጃ ግን በእጁ አልነበረም። ሕግ ለሐቀኛ ሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ማስረጃ ነው።

ውቅያኖስ ማዶ ያለው ወገን

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከሁለት አገር ሕግ ጋር ይገናኛሉ፤ እዚህ ያለው አንባቢ ስለዚያኛው እምብዛም አይሰማም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው የለገሰው ገንዘብ ከግብር የሚቀነስለት በዚያው አገር ሕግ ለበጎ አድራጎት ድርጅትነት ዕውቅና ላገኘ ድርጅት ሲሰጥ ነው። በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የድረ ገጽ መዋጮ ላይ ያስገባው ገንዘብ ስጦታ ነው፤ ግብር አይቀንስለትም። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠም የድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ 40 ያህል ግዛቶች ደግሞ ከሕዝብ መዋጮ የሚጠይቅ ድርጅት አስቀድሞ እንዲመዘገብ ያዛሉ፤ ለአንዳንዶች የሚፈቀድ ነፃነት ቢኖርም።

እዚህ ላይ የተለመደ አሠራር አለ፦ ኮሚቴው ዕውቅና የሌለው ሲሆን «በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይሰብሰብ» ወይም «ያ ማኅበር ሒሳቡን ያውሰን» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሕጉ ስሙን ያዋሰው ድርጅት እንደ ቧንቧ ገንዘቡን አሳልፎ ብቻ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። ገንዘቡ በእርሱ ቁጥጥርና ውሳኔ ሥር መሆን አለበት፤ ለምን እንደዋለ ሊያውቅና ሊያስረዳ፣ ካላመነበትም ሊከለክል ይገባዋል። ስም ማዋስ ኃላፊነት መውሰድ መሆኑን የቦርድ አባላት ሁሉ ቢረዱት፣ ኋላ በማኅበራት መካከል የሚነሣው ጠብ ብዙው ባልተነሣ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን በወረርሽኙ መካከል የሆነው ነው። የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2020 ባወጣው ደንብ ኤን 95ና የቀዶ ሕክምና ጭምብል፣ ጓንትም ጭምር፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረትም ቀደም ብሎ በማርች ወር ተመሳሳይ የፈቃድ ግዴታ ጥሎ ነበር። ይህ እውነተኛ ጭካኔ ነበረው፤ ገንዘብ ያለው አገር ለራሱ ሲያከማች የእኛ ሐኪም ባዶ እጁን ቀረ። ሆኖም ኤፕሪል 21 ላይ ኤጀንሲው ልዩ ሁኔታዎችን አወጣ። ከነዚህ አንዱ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ለውጭ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት በነፃ እንዲታደል፣ እንዳይሸጥ የሚልኩትን ዕቃ ከእገዳው ነፃ አደረገ። የተጠየቀው ላኪው ይህንን በደብዳቤ አረጋግጦ ኃላፊነት እንዲወስድ ነበር። ከእገዳው ወደ መፍትሔው 11 ቀን ነው የፈጀው። ሕግ ሊጠብቅም ሊፈጥንም እንደሚችል ያሳያል፤ የሚያፈጥነውም ቅድመ ሁኔታውን አጥርቶ አስቀድሞ መናገሩ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ ዓይነት መከላከያ ላንሣ፤ ጥይት የሚከላከል ሰደርያና የብረት ቆብ። «ማንንም አይገድልም፤ ሕይወት ያተርፋል» ተብሎ እንደ ጭምብል የሚታሰብበት ጊዜ አለ። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። ከአሜሪካ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለመላክ እንደ ደረጃው የንግድ ወይም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ የጦር መሣሪያና ተዛማጅ ዕቃ ፈቃድ እንዲከለከልባቸው በተዘረዘሩ አገሮች ውስጥ ገብታ ነበር። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግም የራሷን የብሪታንያን ጦር ብቃት ማገዝን እንደ በጎ አድራጎት ዓላማ ሲቀበል፣ የሌላ አገር ተዋጊን ማልበስን አይቀበልም። ለበጎ አድራጎት የተዋጣ ገንዘብ ወደ ተዋጊ ወገን ከሄደ ድርጅቱ ሕጋዊ ማንነቱን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ከዚህም ይልቅ ነገ ለሕመምተኛ ዕርዳታ ይዞ ሲመጣ ማንም አያምነውም። ይህ መስመር መጥበቁ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ከምንም ይሻላል»

ከተቃዋሚ ክርክሮች ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሐኪሟ ጨርሶ ጭምብል ከምታጣ 80 በመቶ የሚያጣራ ቢኖራት አይሻልም ወይ? እውነት ያለበት ጥያቄ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ግንቦት 28 ቀን 2012 ባወጣው ምክር ኅብረተሰቡ ሦስት ድርብ ያለው የጨርቅ ጭምብል እንዲጠቀም መክሯል። ለገበያና ለታክሲ፣ ደረጃ የሌለው ጭምብልም ጥቅም አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ጭምብል ወደ ማምረት የዞሩትም ጠቃሚ ስለሆነ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭምብል እንደሌላት የምታውቅ ነርስ ርቀቷን ትጠብቃለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ የምትገባበትን ጊዜ ታሳጥራለች። ኤን 95 ለብሻለሁ ብላ የምታምነው ግን ለሕመምተኛው የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ አፉ ላይ ጎንበስ ትላለች። የውሸት መከላከያ የምትወስደውን ጥንቃቄ ያስጥላታል፤ ጉዳቱ ይህ ነው። ስለዚህ «ከምንም ይሻላል» የሚለው የሚሠራው ዕቃው ምን እንደሆነ በትክክል ሲነገርና በሚመጥነው ቦታ ሲውል ብቻ ነው። ምርመራም ይህንን ነው የሚያደርገው፤ መጣል ብቻ ሳይሆን ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ለሌላ አገልግሎት ማዋልም ይችላል።

ሁለተኛው ክርክር የጊዜ ነው፦ ወረርሽኝ ቢሮ እስኪከፈት አይጠብቅም። በዚህ እስማማለሁ፤ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት የሚያልፈው ሕይወት ለማንም ሰበብ አይሆንም። ሦስተኛው «በዕቃ ከመላክ ገንዘቡን ልካችሁ እዚሁ ይገዛ» የሚለው ነው። ሲቻል ከሁሉ የተሻለው መንገድ እርሱ ነው፤ የአገር ውስጥ አምራችን ያበረታታል፣ የማጓጓዣ ወጪ ያስቀራል። አገር ውስጥ የማይመረት ዕቃ ግን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር በብር ሊገዛ አይችልም፤ በዕቃ መላክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛውን ሰዎች ጮክ ብለው አይናገሩትም፤ ብዙውን ከሕጋዊው መንገድ የሚያስወጣው ግን እርሱ ነው። «ለመንግሥት መጋዘን ካስረከብነው ይጠፋል፤ ለማናውቀው ይሰጣል፤ ገበያ ላይ እናገኘዋለን» የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ሰዎች ለዚህ የመረጡት መፍትሔ ግን ስጋቱን ያባብሰዋል። ዕቃውን በሻንጣ አምጥቶ ለሚያውቁት ሐኪም በእጅ መስጠት ማንኛውንም ዱካ ያጠፋል። ዕቃው በሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ገቢ ሲሆን ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ወደ ክፍሎች ሲወጣ ሞዴል 22 ይሞላል። ጠፋ ሲባል ተጠያቂ የሚገኘው በእነዚህ ቅጾች ነው። በእጅ የተሰጠ ካርቶን ግን ሲጠፋም እንዳልነበረ ነው። ለጋሽ ማኅበር የሞዴል 19ን ቅጂ ከምርት መለያ ቁጥሩ ጋር ይዞ ለአባላቱ ቢያሳይ፣ ከየትኛውም የርክክብ ፎቶ የበለጠ ይታመናል።

ምርመራው ከመጫኑ በፊት ይሁን

እንግዲህ ጥብቅነቱ ይቅር አልልም፤ ቦታውን ይቀይር ነው የምለው። ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች የሚፈለጉትን የመከላከያ ዕቃዎች ከነደረጃቸው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች በግልጽ ቢያወጡ፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ያለው ኮሚቴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ የአምራች ምዝገባ፣ የቤተ ሙከራ ውጤት፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በኢሜይል ልኮ፣ በተወሰነ የሥራ ቀናት ውስጥ እሺ ወይም እምቢ የሚል መልስ ማግኘት መብቱ ይሁን። መልሱ በጊዜው ካልመጣ የዘገየው ባለሙያ ይጠየቅ። በዚህ መንገድ ያለፈ ዕቃ ቦሌ ሲደርስ የሚቀረው ሰነዱን ከካርቶኑ ማመሳከርና ናሙና መውሰድ ብቻ ይሆናል። በ2012 እንደነበረው ያለ አስቸኳይ ጊዜም ይኸው አሠራር በሰዓታት ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሁለቱን አዋጆች የሚያስፈጽሙ ተቋማት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጋራ የአሠራር መመሪያ ቢያወጡ ይበቃል።

በገንዘብ አሰባሰቡም በኩል ዕድርን ለማስመዝገብ መሮጥ አያስፈልግም። ከራሱ አባላት አልፎ ከሕዝብ የሚሰበስብ ማንኛውም ኮሚቴ ግን ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ የገባውንና የወጣውን ለሰጪው ሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቅ፣ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ምን እንደሚሆን ሲጀምር እንዲናገር ቢታዘዝ በማንም ላይ ሸክም አይሆንም። ብዙ ዕድሮች ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት ለራሳቸው አላቸው።

የቀረው የማስወገጃው ወጪ ነው። ጊዜው ያለፈበት ጓንትና ደረጃ የሌለው ጋውን እንዲሁ አይጣልም፤ በሙያ ደንብ ይወገዳል፤ መጓጓዣም ማቃጠያም ሰውም ይፈልጋል። ዛሬ ይህ ወጪ በተግባር የሚወድቀው ዕቃው በእጁ በገባው ጤና ተቋም ላይ ነው፤ ማለትም ምንም ባላጠፋው ላይ። የልገሳ ስምምነቱ ላይ «ዕቃው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ የማስወገጃውን ወጪ ላኪው ይሸፍናል» የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ ላኪው ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ ጤና ጣቢያውም የማይሆነውን ዕቃ ያለ ይሉኝታ እምቢ ለማለት የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።